በቅጠሉ ጠርሙስ ውስጥ ያለው

ተኚ፣ አንቺ ሴትዮ፣ ተኚ እላለሁ፣ እንቅልፍ ግን ከሌሊት ጀምሮ ጫማዬን አጥልቆ ሄዷል፣ በየት በር እንደወጣ እንጃ። መጋረጃውን በመርፌ ቁልፍ ጠርቅሜዋለሁ፣ የዚህ አገር ፀሐይ ግን እንኳን በመጋረጃ በግድግዳም ትገባለች፣ ገብታም ከዚህ ሁሉ ዕቃ መርጣ ወንበሩ ላይ ያለውን ጠርሙስ ብቻ ታበራለች። ጠርሙሱ ያየኛል። እኔም አየዋለሁ። ስድስት ሰዓት አልፏል፣ አሥር ሰዓት ላይ ሴትየዋ ትመጣለች፣ የምልክቱ መሥሪያ ቤት ሴትዮ፣ ይህንኑ ጠርሙስ ልትመረምር፣ ከሥራ ቦታችን ዕቃ ቤት ልትወስደው ነው የምትመጣው፣ ጠርሙሱ ደግሞ እዚህ እኔ መኝታ ቤት ነው። ቆልፈሽ ጠብቂው የተባልኩት እኔ ነኝ። ቆልፌያለሁ። ባዶ ቁም ሣጥን ቆልፌ ቁልፉን በመሐረብ ቋጥሬያለሁ።

ፊቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል አለ፣ በክብ መስመር ውስጥ፣ ከሥሩ ቁጥር ተጽፎበት። የመንግሥት ምልክት ነው ይላሉ፣ ይህ ዕቃ ከመሰሎቹ ይልቅ ወንዙንም አፈሩንም አየሩንም የሚጎዳው በጣም ጥቂት ነው ማለት ነው ይላሉ። ይላሉ። ስለ ማህተም ለእኔ የሚያስረዳኝ ሰው አልተወለደም፣ ማህተም ከሚመታ ሰው ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝቻለሁ። ሟቹ ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የማዘጋጃ ቤት የሚዛን ተቆጣጣሪ ነበር። ገበያ ለገበያ ዞሮ የነጋዴውን ሚዛን በናስ ክብደት ይፈትናል፣ ትክክል ከሆነ የመንግሥት ማህተም ያደርግበታል፣ ሥራው ይኸ ነው፣ በወረቀት። እኔ ያየሁት ግን እኛ ምሳ ላይ ተቀምጠን በር ላይ በግ ባ ሲል ነው፣ ባሌ እጁን ሳይታጠብ ማህተሙን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ እፍ ብሎበት፣ ሚዛኑ ሦስት መንደር ርቆ ቆሞ ሳለ፣ እኔ ባወጣሁት ድስት ጎን ወረቀቱ ላይ ደቅ። በጉ ቀንዱ አላስገባ ብሎት በጎኑ ነው ያስገባነው። እሺ፣ ቀንድ አልነበረውም፣ እኔ ነኝ ያበቀልኩለት። በግ ግን ነበር። እኔም በልቻለሁ፣ አጥንቱን ሳይቀር ግጬዋለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ ማህተም ባየሁ ቁጥር በጉ የት አለ እላለሁ።

የምሠራው ሕንፃ ዘጠኝ ፎቅ ነው፣ ባለ ጠረጴዛዎቹ ሲወጡ እኛ እንገባለን፣ ስድስተኛው ፎቅ የእኔና የጭራሮ ነው። ጭራሮ ያገሬ ልጅ ናት፣ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ ንፋስ ሲነሳ ኪስሽ ውስጥ ድንጋይ ጨምሪ እላታለሁ። አስም አለባት። ሰማያዊ መንፊያዋን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትዞረው፣ ኃይለኛ ማጽጃ ባለበት እንዳትሠራ የሚል የሐኪም ደብዳቤም አላት፣ ይህን ደብዳቤ ይዛ ስንት ቦታ ሄዳ ስንት ቦታ እንመለከተዋለን ብለው እንደመለሷት እኔ ነኝ የማውቀው። አለቃችን፣ ከሦስት ፎቅ በታች ሆኖ በፉጨቱ ስለሚታወቅ ፉጨት ያልነው፣ እሷን የቀጠራት ቅጠሏ ስለመጣች ብቻ ነው። የሕንፃው ባለቤቶች ከእንግዲህ ምልክት ያለበት ዕቃ ብቻ አሉ፣ ሳሙናው ቅጠል ለጠፈ፣ የእጅ መጥረጊያው ለጠፈ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ወረቀት ሳይቀር ለጠፈ። የመንግሥትን ማህተም እዚያ ቦታ ሳገኘው ይቅር በለኝና ባሌ ትዝ አለኝ።

ድሮ የምንጠቀመው በርሜል ነበር። እሱ በርሜል ክዳኑ ሲከፈት እንኳን ጀርም ሰይጣንም ሻንጣውን ሸክፎ ይወጣል፣ ዓይኔ ያለቅሳል፣ አፍንጫዬ ያለቅሳል፣ ያን ጊዜ ጸዳ እላለሁ። ይኸኛው ባለ ቅጠል ሲመጣ አሸተትኩት፣ ምንም። ነቀነቅኩት፣ አረፋው እንደ ሕፃን ምራቅ። ውሃ ነው አልኩ፣ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ አስገብተው ቅጠል ለጠፉበት፣ በጉን ማን እንደበላ ብቻ ነው ያልታወቀው።

ጭራሮ ይህን ስትሰማ አንድ ቅዳሜ እጄን ይዛ ትልቁ መደብር ወሰደችኝ፣ ላሳይዎት እማማ ብላ። የሳሙናው መደርደሪያ ከዚህ እስከ እናቴ ቤት ይደርሳል፣ መሐል ላይ ሰው ቢደክመው የሚያርፍበት ዛፍ መትከል ነበረባቸው። ሁለት ጠርሙስ አወረደች፣ ሁለቱም አረንጓዴ፣ አንደኛው ላይ ፏፏቴ አለ፣ አጋዘን አለ፣ የምትስቅ ፀሐይ አለች፣ ሌላው ላይ ቅጠሏና ቁጥሯ ብቻ። የቱን ይመርጣሉ አለችኝ። ባለ አጋዘኑን አልኩ፣ ቢያንስ አጋዘን አለው። ሳቀች፣ ስትስቅ ደረቷ ዘይት እንዳልነካው በር ይንሲያጠጣል። አጋዘኑን ያሳለው ባለ ፋብሪካው ራሱ ነው አለችኝ፣ ለተፈጥሮ የሚስማማ ብሎ የጻፈውም እሱው ነው፣ ማንም አልመረመረው፣ ማንም አልጠየቀው፤ ቅጠሏን ግን ባለ ፋብሪካው ራሱ አይለጥፋትም፣ መንግሥት ያቆመው መሥሪያ ቤት ነው የሚሰጠው፣ ከምን እንደተሠራ ያያሉ፣ ሲሠራ ስንት ውሃና ስንት መብራት እንደበላ፣ የሰው ሳንባ ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ ተጠቅመን ስንደፋው ወንዝ ውስጥ ዓሣውን ምን እንደሚለው፣ ጠርሙሱ ሳይቀር ቀልጦ እንደገና ዕቃ ይሆን እንደሆነ። ካለፈ ቁጥር ይሰጡታል፣ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ እንደ አዲስ ይፈተናል፣ ከወደቀ ይነጠቃል። ቁጥሩን ስልኳ ላይ ብትጽፈው የፋብሪካው ስም፣ የተመረመረበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን ዝርግፍ አለ። እኔ ዝርግፉን አየሁና ጥሩ የተጻፈ ውሸት ነው አልኩ በሆዴ።

«እማማ፣ ሻጭ ራሱን ሲያመሰግን ያምናሉ?» አለችኝ።

«መንግሥት ሲያመሰግነውስ ለምን አምናለሁ?»

«እኔ እኮ ላቦራቶሪ የለኝም። ይህን ሁሉ ጠርሙስ ቆሜ ላሸት ብል ሦስተኛው ላይ ሆስፒታል ነኝ። አንድ ሰው ቀድሞ ያሽትልኝ ነው የምለው።»

ዳቦ ገዝተን ወጣን።

ጥፋቱ ሁሉ ግን ከባሌ አልመጣም፣ ሟች ላይ ሁሉን መጫን ደግ አይደለም፣ ከእናቴም ጓዳ ነው። እናቴ ጓዳ ውስጥ ላዩ ላይ የተጻፈውን ሆኖ የተገኘ ዕቃ የለም። የወተት ጣሳው ቁልፍና ክር ነው፣ የብስኩቱ ቆርቆሮ የቤቱ ወረቀቶች፣ የሳል መድኃኒቱ ብልቃጥ ጨው፣ የዘይቱ ጄሪካን ላምባ፣ የቀለሙ ጣሳ ማር። እኛ ልጆቹ ማንበብ ሳንማር ያንን ጓዳ በቃላችን እናውቀው ነበር፣ ማንበብ የተማርን ለት ነው የተሳሳትነው። ጽሑፍ ማለት ለእኛ የዕቃው ልብስ ነው፣ ልብስ ደግሞ ይለወጣል፣ ባዶ ጠርሙስ መጣል ደግሞ ኃጢአት ነው። እዚህም እንደዚያው አኖርኩት። እኔ ቤት ሌባ ቢገባ ተርቦ ይሞታል፣ ሻዩን በሳሙና አጣፍጦ ጠጥቶ።

ስለዚህ ያደረግኩትን ያደረግኩት እንደ ወንጀለኛ አይደለም፣ እንደ ባለ ጓዳ ነው። የባለ ቅጠሉን ውሃ በሻምፖ ጠርሙስ ገልብጬ ወደ ቤት አመጣሁት፣ አንድ ቀን ይጠቅማል ብዬ። ከሱቅ በረኪና ገዛሁ፣ ደህናውን፣ ዓይን የሚያወጣውን፣ በቦርሳዬ አስገባሁና ቅጠል ያለበትን የሚረጭ ጠርሙስ ጢም አድርጌ ሞላሁት። ሦስት ሳምንት! ስድስተኛው ፎቅ መጸዳጃ ቤት እንደ ሙሽራ ጥርስ ነጣ። ፉጨት የሌላውን ፎቅ ሰዎች እየነዳ አምጥቶ እዩ ቅጠሏ የምትሠራውን ይላቸዋል፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ እንደ ጨዋ ቆሜያለሁ፣ አንዷማ እጄን ጨብጣኛለች። ለጭራሮ አላሰብኩም አይባልም፣ አስቤያለሁ፣ እሷ የምትይዘው የራሷን ጠርሙስ ነው፣ ጠረጴዛና መስታወት የእሷ፣ መጸዳጃ ቤት የእኔ፣ በሬን ዘግቼ ነው የምረጨው፣ ደግሞም መስኮት ከፍቼ አየር አስወጥቼ፣ መስኮት በሌለበትም በሩን አራግቤ። ሁሉን አስቤያለሁ። ጉልበቴን ብቻ ነው ያላሰብኩት።

ከትናንት ወዲያ ጉልበቴ ያዘኝ። ባልዲው ላይ ተቀምጬ ስቃትት ጭራሮ መጣች፣ ይቀመጡ እማማ፣ እኔ ልጨርስልዎ አለች፣ ጠርሙሴን ከጋሪው አነሳች። አፌን ከፍቼ ነበር። እምላለሁ ከፍቼ ነበር። ጠርሙሱን ገልበጥ አድርጋ ቅጠሏን አየች፣ ቅጠሏን ስታይ የአፍ መሸፈኛዋን ወደ አገጯ አወረደች፣ እፎይ እንደሚል ሰው፣ ከዚያ መስኮት ወደሌላት ጠባቧ ክፍል ገባችና በሩ በራሱ ተዘጋ። እኔ አፌን መልሼ ከደንኩት። አንዴ ብትረጭ ምን ትሆናለች አልኩ፣ ብነግራትስ ምን ትለኛለች አልኩ፣ ሦስት ሳምንት ያመሰገኑኝን ሁሉ ቆጠርኩ። ሳሏ ሲጀምር የሰው ሳል ነበር። ቀጥሎ ሳሉ ቆመ፣ የፈራሁት ሲቆም ነው። በሩን ስከፍት መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ መንፊያውን አፏ ውስጥ አድርጋ ትጫነዋለች፣ አየሩ አልገባ ብሏታል፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፣ ዓይኗ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ ነው፣ አንተም ዋሸኸኝ እንደሚል ዓይን። ጎትቼ አወጣኋት፣ ጉልበቴ የት እንደሄደ እንጃ፣ እንደ ጭራሮ ነው የተሸከምኳት፣ ስሟን ያወጣሁት በቀልድ ነበር።

ሆስፒታሉ በር ላይ ማሽን አለ፣ ተጫኚ ይልሻል፣ ቁጥር ይተፋል፣ ቁጥርሽ ግድግዳው ላይ እስኪበራ ነፍስሽን ይዘሽ ትጠብቂያለሽ። እሷን በአልጋ አስገቧት፣ ለእኔ ቁጥር ሰጡኝ፣ ለምን እንደሰጡኝ አላወቅሁም፣ አሁንም ኪሴ ውስጥ አለ። ሲያስገቡኝ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አድርገውላታል። ድምፅ የላትም። ጎንበስ አልኩ።

«እማማ፣ ቅጠሏም ዋሸች?»

አትናገሪ፣ ሐኪሙ አትናገሪ ብሏል አልኳት። ሐኪሙ ምንም አላለም ነበር።

ትናንት ፉጨት ጠራኝ፣ ሳያፏጭ፣ ያን ጊዜ ነው የከፋ መሆኑን ያወቅሁት። ስልኩ በኛ ቋንቋ ይተረጉምለት ነበር፣ ልጅቷ በባለ ቅጠሉ ታመመች ተብሎ ነገ አሥር ሰዓት ከምልክቱ መሥሪያ ቤት መርማሪ ትመጣለች፣ ጠርሙሱን ቆልፊና ማንም እንዳይነካው፣ ከአንቺ በላይ የማምናት ሠራተኛ የለኝም አለኝ። ከዚያ ነገሩን ዘረዘረው፣ እንደ ስንዴ። ቅጠሏ ውሸት ሆና ከተገኘች ወደ በርሜሉ እንመለሳለን፣ በርሜል ባለበት ደግሞ ለልጅቷ ቦታ የለም፣ ደብዳቤዋ ራሱ ይላል። ቅጠሏ እውነት ሆና ከተገኘች ደግሞ የልጅቷ ሳንባ በመልካሙም ዕቃ የሚታመም ነው፣ እንዲህ ያለ ሳንባ ይዛ እኔ ጋ አትሠራም። በዚያም ቢሉት በዚህ ጭራሮ ውጪ ናት። በረኪና የሚባል ቃል በሁለቱም መንገድ ላይ አልቆመም። ጠርሙሱን በሻሌ ጠቅልዬ ወደ ቤት አመጣሁት።

ጠዋት ታላቅ እህቴ ደወለች። እሷ ስትደውል ደህና ነሽ ወይ ብላ አትጠብቅም፣ የላይኛው ጎረቤት፣ የታችኛው ጎረቤት፣ የጎረቤት ዶሮ፣ ከዚያ በድምፄ ውስጥ ስንጥቅ ሰማች። ነገርኳት። እትዬ እንዲህ እንዲህ ሆንኩ አልኳት፣ ልጅቷን ትቼ ጠርሙሱን ነገርኳት። እሷም ይኸ ነገር ሆኖ እንቅልፍ አጣሽ ብላ ሳቀች፣ በረኪናውን ደፍተሽ ዋናውን ውሃ መልሺበት፣ ማን ያይሻል፣ የባልሽን ሚዛን ማን አየ፣ ያንን በግ እኔም አንቺም በልተን ከንፈራችን አልጠቆረም አለች።  በጉ ስትል ግን ሌላ ነገር መጣብኝ፣ ለእሷ ያልነገርኳት፣ ለማንም ያልነገርኩት። ከበጉ በኋላ ያ ነጋዴ ጋ ምስር ልገዛ ሄጄ ነበር። አንዲት የገጠር ሴት ጤፏን ስታስመዝን አገኘኋት፣ ቤቷ ሰፍራው ነው የመጣችው፣ ሚዛኑ ላይ ጎደለ። ተገረመች፣ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሚዛኑን ዞረችው፣ ጎኑ ላይ ማህተሙን አየች። እህ፣ የመንግሥት ነው አለች፣ እኔ ነኝ ስሰፍር የተሳሳትኩት አለች፣ የጎደለውን ተቀብላ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። እኔ ምስሬን ይዤ ቆሜያለሁ፣ በጉ ሆዴ ውስጥ ነው። ጭራሮ መሸፈኛዋን ስታወርድ የዚያችን ሴት ፊት ነው ያየሁት። ሌላ ፊት አልነበረም።

ተነሺ እንግዲህ። ተነሳሁ። እትዬ ያለችውን ላደርግ ነው፣ አዎ፣ ልደፋውና ልመልስበት፣ የሻምፖ ጠርሙሱን ከመታጠቢያ አወጣሁ፣ ምድጃው አጠገብ ሁለቱን አቁሜ የሻምፖውን ክዳን ስከፍት ጠርሙሱ ዘንበል አለብኝና ግማሽ ስኒ የሚሆን ምድጃው ላይ ፈሰሰ። ይህ ምድጃ ላይ ያለው ዘይት ከእኔ በፊት የነበረ ተከራይ ያወረሰኝ ነው፣ በቢላ ፍቄው ቢላው ነው የተፋቀው። በጨርቅ አበስኩት። ጨርቁ ጠቆረ። ደግሜ አበስኩት። ወይ ጉድ፣ ምድጃው ለካ ነጭ ነው። አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተትኩ፣ ምንም፣ ዓይኔ ደረቅ፣ ጉሮሮዬ ሰላም። ተናደድኩ። ሦስት ሳምንት ውሃ ነህ ያልኩት ነገር እንዲህ ሊያዋርደኝ! ከበጉ ወዲህ ስጠረጥር ኖሬ አንዴ እንኳ ጨርቅ አርሼ አልሞከርኩትም ነበር፣ ጥርጣሬ እኮ ሥራ ያለው መስሎኝ፣ ለካ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሚበላ እንግዳ ነው።

ጨርቁን እንደያዝኩ ነገሩ ገባኝ። ብመልስበት ሴትየዋ ትመረምራለች፣ ውሃው ንጹህ ነው ትላለች፣ ቅጠሏ ትድናለች፣ እኔም እድናለሁ። ፉጨትም ያ ሳንባ ነው ይላል። ጭራሮም አየር ጎድሎባት መሬት ላይ የተቀመጠችውን አስታውሳ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ትላለች፣ መንፊያዋን አጣፍታ ትሄዳለች።

ክዳኑን መልሼ ከደንኩት። የሻምፖውን ክዳን። ከዚያ የዳቦ ከረጢት ወረቀት ቀደድኩና፣ እስክሪብቶ ፈልጌ፣ ያገሩን ፊደል ስለማልችል በራሴው ፊደል ጻፍኩ። ብዙ አልጻፍኩም። በልቤ የነበረው ብዙ ነው፣ ባሌም ነበረበት፣ ወረቀቱ ግን ጠባብ ነው። ጠርሙሱ ላይ ለጠፍኩት፣ ከቅጠሏ በታች፣ እንዳልሸፍናት ተጠንቅቄ።

አሥር ሰዓት። ዕቃ ቤታችን የቆመችው መርማሪ ቀጭን ድምፅ ያላት አጭር ሴትዮ ናት፣ ጓንት አድርጋለች፣ ፉጨት ወንበር ሲስብላት አልተቀመጠችም፣ ሻይ ሲያመጣላት አልጠጣችም፣ በልቤ መዘገብኩላት። ጭራሮም ጠዋት ከሆስፒታል ወጥታ መጥታለች፣ ደብዳቤዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷ አመድ፣ ነገሯን ልታስረዳ። ጠርሙሱን ከቁም ሣጥኑ አላወጣሁም፣ ከሻሌ ውስጥ ነው ያወጣሁት፣ እዚያው ፊታቸው። ፉጨት ቁም ሣጥኑን አየ፣ ሻሌን አየ። መርማሪዋ ክዳኑን ፈታ ከሩቅ በእጇ እያራገበች አሸተተች፣ ጭራሮ ሁለት እርምጃ ወደ በሩ ሄደች። ሴትየዋ ክዳኑን ቶሎ መለሰች። በጣቷ ወረቀቴን ነክታ አንድ ነገር ጠየቀች፣ ምን እንደጠየቀች ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም። ሁሉም ወደ ጭራሮ ዞሩ፣ ፊደሉን የምትችል እሷ ብቻ ናት። ከበሩ ሆና አነበበችው፣ መጀመሪያ በኛው ቋንቋ፣ ለራሷ ይመስል።

«በረኪና ነው። የሞላሁት እኔ ነኝ። ቅጠሏ አልዋሸችም፣ ልጅቷም።»

ከዚያ በእነሱ ቋንቋ አለችው። አላየችኝም። እኔም የጫማዋን ክር ነው ያየሁት። የሻምፖውን ጠርሙስ ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ ዋናው ይኸ ነው፣ ምድጃዬን ጠይቁት አልኩ፣ ይህን አልተረጎመችውም። ፉጨት እጁን ዘረጋ፣ የቁም ሣጥኑንም የፎቁንም ቁልፍ ከመሐረቤ ፈትቼ ሰጠሁት፣ መሐረቡን አስቀረሁ። ለጭራሮ ደግሞ ሰኞ ግቢ አላት፣ ባጭሩ፣ ወደ መስኮቱ እያየ። መርማሪዋ ያልኩትን ሁሉ ጻፈች፣ አስፈረመችኝ፣ ማህተሟን አወጣች፣ ትመታለች ብዬ ስጠብቅ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሁለቱንም ጠርሙስ ለየብቻ በከረጢት አሸገች። እርስዎ የነገሩኝን ሰምቻለሁ፣ ማህተም የምመታው ግን ላቦራቶሪው ሲመልስልኝ ነው አለች፣ ጭራሮ ተረጎመችልኝ። ራሴን ስከስ እንኳ አላመነችኝም። ወደድኳት። ሟቹ ይህችን አግብቶ ቢሆን ኖሮ በጉ ዛሬም ይኖር ነበር።

ፌርማታው ላይ ብቻዬን የቆምኩ መስሎኝ ነበር፣ ያ የሚንሲያጠጣ ደረት ከኋላዬ መጣ። ቀስ ብላ ነው የመጣችው፣ አጠገቤ ቆመች፣ አውቶቡሱ የሚመጣበትን መንገድ አየች። ስድብ ጠበቅኩ። እርግማንም ቢሆን እቀበላለሁ አልኩ፣ ቁጥሩ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ተራዬ ደርሷል። ልጄ ልላት ፈለግኩ፣ ቃሉ አፌ ላይ የሰው ዕቃ ሆነብኝ። የመንፊያዋን ክር አንገቷ ላይ አስተካከለችና፣

«ባለፈው እሑድ እርስዎ ቤት የበላሁት ማር፣» አለች፣ «ማር ነው?»

«ማር ነው።»

«ጣሳው ላይ ቀለም ይላል እኮ።»

«ማር ነው አልኩሽ እኮ።»

«እርስዎ ነዎት ያሉት፣» አለች፣ አውቶቡሷ መጣ፣ ወጣች፣ በመስታወቱ አላየችኝም፣ ወይም አይታኝ ይሆናል፣ ብርሃኑ ከለለኝ።

ቤት ገባሁ። ሥራ የለኝም፣ ጊዜ አለኝ። ጣሳውን ሁሉ፣ ጠርሙሱን ሁሉ፣ ብልቃጡን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ አሰለፍኩ፣ የዳቦውን ወረቀት በመቀስ ቆራረጥኩ። ከቀለሙ ጣሳ ጀመርኩ። ማር ብዬ ጻፍኩና ልለጥፍ ስል እጄ ቆመ። ክዳኑን ከፈትኩ፣ ጣቴን አጠቀስኩ፣ መጀመሪያ ቀመስኩት።